አምልኮተ ካሜራ

በኪነ ጥበብ ባለሙያዎች መካከል ስለ መሣሪያ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሠዓሊ ስለ ቀለሙና ስለ ብሩሹ፣ ማሲንቆ ተጫዋች ስለ ጭራውና ስለ ቆዳው ሲከራከር የሚያዳምጥ ሰው ቁም ነገር ይቀስማል፤ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ከሚሣለው ሥዕልና ከሚሰማው ዜማ አይርቅምና። በፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ዘንድ ሥር የሰደደው ክርክር ግን የተለየ ጠባይ አለው። ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲገናኙ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን አነሣህ?» የሚለው ሳይሆን «በምን ታነሣለህ?» የሚለው ነው። አንዱ የካኖን፣ ሁለተኛው የኒኮን፣ ሦስተኛው የሶኒ ወገን ነኝ ይላል። ወገን ከለዩ በኋላ የሚከተለው ሙግት የሃይማኖት ክርክር የሚያህል ትኩሳት ያለው ሲሆን፣ አንድም ፎቶግራፍ በማስረጃነት ሳይቀርብበት ተጀምሮ ያልቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካሜራን ከካሜራ ማወዳደር አይደለም። ለፋብሪካ ስም መገዛት ፎቶግራፍ አንሺውን ከሙያው እንደሚነጥለው፣ ከዚያም አልፎ በካሜራው ፊት የሚቆመውን ሰው መልክ እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ለማሳየት ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ለማስረጃ የምንነሣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዓለም ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶ ሲወጣ የመርሐ ቤቴን ዋና ከተማ ያገኛል። በትልቅ ከተማ ውስጥ የካሜራ ስም የሚያደርሰው ጥፋት በማስታወቂያው ብዛትና በገበያው ጩኸት ይሸፈናል። በትንሽ ከተማ ግን ፎቶ ቤቱ ጥቂት፣ ደንበኛው የታወቀ፣ የተነሣው ፎቶግራፍ የሚሰቀልበት ግድግዳ ሳይቀር የሚታወቅ ስለሆነ ጥፋቱ ገሃድ ይወጣል።

በዓለም ከተማ በጥር ወር ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ ፎቶግራፍ አንሺ ሲዋዋል አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካሜራህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። «ከዚህ በፊት ያነሣኸውን አሳየኝ» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይመጣም። ጠያቂው አባት ካሜራ በእጁ ይዞ የማያውቅ ገበሬ ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሁለት ፋብሪካዎችን ስም ያውቃል፤ የትኛው «ትልቅ» የትኛው «ትንሽ» እንደሆነም ሰምቷል። ይህን ያስተማሩት ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ራሳቸው ናቸው። እርስ በርስ ሲፎካከሩ በሥራቸው ፋንታ የመሣሪያቸውን ስም ሲጠሩ ኖረው፣ አሁን ሕዝቡ በስሙ ብቻ ቢለካቸው ሊያዝኑ አይገባም። ከዚህ የተነሣ ሙያውን ሊጀምር የሚያስብ ወጣት ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አንዳንዴም በሬ አሸጦ የታወቀውን ስም ይገዛል። ለሌንስ የሚተርፈው ገንዘብ ስለማይኖር ከካሜራው ጋር በካርቶን የመጣውን ርካሽ ሌንስ ይዞ ይቀራል። ለብርሃን መሣሪያ፣ ለትምህርት፣ ለጥሩ ወረቀት የሚሆነው ገንዘብማ ከመጀመሪያውም አልታሰበም። የፋብሪካው ስም በትላልቅ ፊደል የተጻፈበትን ማንገቻ አንገቱ ላይ አጥልቆ በዳሱ ውስጥ ሲዘዋወር ያየው ሰው ሁሉ ያከብረዋል። ወጣቱ ለዚያ ፋብሪካ በነፃ የሚሠራ ማስታወቂያ ተሸካሚ መሆኑን የሚነግረው የለም።

እነዚህ ስሞች ይህን ያህል ሥልጣን ያገኙት ከየት ነው? የሙያውን ታሪክ ጥቂት መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ላይካ የሚባለው የጀርመን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ሲቀርብ ትንሽነቱ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ፈልሳፊው ኦስካር ባርናክ ከባድ ካሜራ ተሸክሞ መጓዝ ያቃተው በሽተኛ ሰው ስለነበር፣ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ መሥራቱ ከራሱ ችግር የመነጨ እውነተኛ ፈጠራ ነው። ላይካን በዓለም ካስከበሩት አንዱ ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው የካሜራውን የሚያብረቀርቅ አካል በጥቁር ማጣበቂያ ሸፍኖ ይሠራ ነበር፤ መንገደኛው ካሜራውን እንዳያይበት ይፈልግ ነበርና። ዛሬ በእርሱ ስም እየማሉ ያንኑ ካሜራ የሚገዙ ሀብታሞች ግን ቀዩ የላይካ ምልክት ከሩቅ እንዲታይላቸው ይፈልጋሉ። ደቀ መዝሙርና መምህር እንዲህ ሲለያዩ ማየት ያስቃል።

የኒኮን ዝና አመጣጥ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 1950 ድረስ የጃፓን ሌንስ በምዕራቡ ዓለም ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አልነበረም። በዚያ ዓመት ቶኪዮ የነበረው የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን፣ ጁን ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ የሙያ ጓደኛው በኒኮር ሌንስ ያነሣውን ፎቶግራፍ አይቶ ተገረመ። ወደ ፋብሪካው ሄዶ ሌንሶቹን መረመረ፤ ከዚያም በጀርመኑ ላይካ ካሜራ ላይ የጃፓኑን ሌንስ ገጥሞ ወደ ኮሪያ ጦርነት ዘመተ። በ1951 የእኛው የቃኘው ሻለቃ በደረሰበት በዚያው ምድር የተነሡት የደንከን ፎቶግራፎች በጥራታቸው ስለታወቁ፣ የኒኮን ስም ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዓለምን ዞረ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ደንከን ለላይካ «ታማኝ» ቢሆን ኖሮ የጃፓኑን ሌንስ ባልነካው ነበር። የኒኮን ወገን ነን የሚሉት ሁሉ የሚመኩበት ዝና የተመሠረተው ወገን ባለመለየት ነው፤ ዓይኑን አምኖ፣ የአንዱን አካል ከሌላው ዓይን ጋር ባጋባ ሰው ነው።

ስም ከሥራ ተነጥሎ ሲነግድም ታይቷል። በሶቪየት ኅብረት በካርኮቭ ከተማ፣ ቤት አልባ ልጆች በሚያድጉበትና በሚማሩበት የሥራ ማኅበር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ፌድ የተባለ ካሜራ ይሠራ ነበር። ላይካን አስመስሎ የተሠራ ቢሆንም የራሱ ስምና የራሱ ታሪክ ያለው፣ በብዙ ሺህ እጅ ያለፈ መሣሪያ ነው። ኋላ ላይ ነጋዴዎች ፌድንና ታናሽ ወንድሙን ዞርኪን እየገዙ፣ የላይካን ስም አንዳንዴም የጀርመንን አየር ኃይል ምልክት እየቀረጹ፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ካሜራው ያው ነው፤ ብረቱ ያው፣ ሌንሱ ያው። የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። ገዢውም እስኪነገረው ድረስ በፎቶግራፉ ላይ ልዩነት አያይም። የስምን ምንነት ከዚህ በተሻለ የሚያጋልጥ ማስረጃ ከየትም አይገኝም።

በእኛም አገር ብዙ ፎቶ ቤቶች በያሺካ ካሜራ ኖረዋል። ሁለት ዓይን ያለው፣ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ያ ካሜራ በእውነት ደኅና መሣሪያ ነበር። በኋላ ግን ካሜራው ተረስቶ ስሙ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሆንግ ኮንግ የሚገኙ የስሙ ባለቤቶች የጥንቱን ያሺካ የሚመስል አዲስ ካሜራ እንሠራለን ብለው ከሕዝብ በቅድሚያ ከ10 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በፖስታ የደረሰው ዕቃ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ተገኘ። ገንዘባቸውን የሰጡት ሰዎች ማየት የፈለጉት ያሺካን ሳይሆን የገዛ ወጣትነታቸውን ነበርና፣ ቁጣቸው ቢበረታ አይፈረድባቸውም።

ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር ለብዙ ዓመታት የእኅትማማችነት ግንኙነት ያላት መሆኑን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፋተርሽቴተን የምትገኘው በሙኒክ አጠገብ ነው። በዚያው በሙኒክ የአግፋ ካሜራ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ። ከአግፋ የተነጠለው የፊልም ድርጅትም በ2005 ከሰረ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በፈቃድ እየተከራየ፣ አግፋ ሠርቶት በማያውቅ ዕቃ ላይ እየተለጠፈ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ምንም ትርጉም የሌለውን ቃል ፈጥሮ «ኮዳክ» ያለው ድርጅትም በ1975 ዓለም ያላየውን የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ በገዛ ቤተ ሙከራው ሠርቶ ሳለ፣ የፊልም ገበያውን ለመጠበቅ ሲል አፍኖ ይዞት፣ በ2012 የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቆመ። ዛሬ በኮዳክ ስም የሚሸጡት ርካሽ ካሜራዎች ስሙን በተከራዩ ሌሎች ድርጅቶች የሚሠሩ ናቸው። ሰው ሞቶ ስሙ ቢጠራ ወግ ነው። ድርጅት ሞቶ ስሙ ገንዘብ ሲሰበስብ ግን ምን እንበለው?

በሕይወት ያሉትስ ለወገኖቻቸው ታማኞች ናቸው? ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ከሥሩ ለወጠ። ከ1971 ጀምሮ ገንዘባቸውን በአሮጌው መግጠሚያ ሌንሶች ላይ ያፈሰሱ ባለሙያዎች አዲሱን ካሜራ ሲገዙ አሮጌው ሌንሳቸው አልገጥም አላቸው። ለቴክኒክ ዕድገት አስፈላጊ ነበር የሚለውን መከራከሪያ እንቀበላለን፤ አዲሱ መግጠሚያ በእርግጥም የተሻለ ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ጥቅሙን ሲያሰላ የደንበኛውን ታማኝነት በሒሳቡ ውስጥ አላስገባም። ሚኖልታ የካሜራ ሥራውን በ2006 ትቶ ለሶኒ አስረከበ፤ ኦሊምፐስም በ2021 ካሜራውን ከሌላው ሥራው ቆርጦ ለሌላ ባለቤት ሰጠ። በእነዚህ ስሞች የማለ ፎቶግራፍ አንሺ መሐላው ወዴት እንደሄደ የሚጠይቀው ቢሮ የለም።

እስካሁን ያነሣነው የገንዘብና የሞኝነት ጉዳይ ነው፤ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ወደ ሰው ፊት።

ማንኛውም ካሜራ ብርሃን ሲለካ በፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ ከነጭና ከጥቁር መካከል ያለ አመድማ መልክ፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ አድርጎ ይገምታል። ይህ ግምት የካኖንም፣ የኒኮንም፣ የድሮው ዜኒትም ነው። አሁን በዓለም ከተማ የጥምቀት ዕለት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች እናት በቀትር ፀሐይ ቆማ እናስብ። ካሜራው የሚያየው በአብዛኛው ነጭ ሸማ ስለሆነ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ የእናቲቱ ፊት ግን ከነጠላው ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ወደ መንዝ ወጣ ብለን በመሐል ሜዳ ብርድ ጥቁር በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ ብናነሣ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ጥቁሩ በርኖስ ደብዝዞ አሮጌ ጆንያ ይመስላል፤ የሽማግሌው ፊትም መልኩ ታጥቦ ይጠፋል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በሁለት ልብስ፣ ያው ካሜራ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

መፍትሔው ከሱቅ አይገዛም። ነጭ ሸማ ሲለካ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ብርሃን መጨመር፣ ጥቁር በርኖስ ሲለካ መቀነስ ነው። ካልሆነም የድሮ ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት የገዛ መዳፍን በዚያው ብርሃን ላይ ዘርግቶ ለክቶ አንድ ደረጃ መጨመር ነው፤ የመዳፍ መልክ በጥቁሩም በቀዩም ሰው ዘንድ ብዙ አይለያይምና። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ሁሉ በቅንድብ ጥላ ሥር ይሰወራል፤ ስለዚህ ሰውን ወደ በረንዳው ጥላ ማስጠጋት ወይም ንጹሕ ነጠላ ከፊት ለፊት አስይዞ ብርሃኑን ወደ ፊቱ መመለስ ያሻል። ዘመናዊዎቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ይለካሉ የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ ይረዳል። ሆኖም ነጠላው ግማሹን ፊት በሸፈነበት፣ ሰባት ሰው በአንድ ረድፍ በቆመበትና ግማሹ በጥላ ግማሹ በፀሐይ በሆነበት ቦታ የትኛው ፊት መዳን እንዳለበት የሚወስነው ሰው ነው። የእናቱን ፊት የሚያውቅ ሰው።

የፊልሙ ዘመንም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበረበት። የመጀመሪያዋ ሴት ሸርሊ ትባል ስለነበር ካርዱ በስሟ ይጠራል። የእርሷ ቆዳ ትክክል ሆኖ ከወጣ ሁሉም ትክክል ነው ተባለ። ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋር በአንድ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር መልኩ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ኮዳክን ይበልጥ ያስጨነቀው ግን የጥቁር እናቶች አቤቱታ አልነበረም፤ የእንጨቱና የቸኮሌቱ ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ላይ አላምር ያላቸው የቤት ዕቃና የቸኮሌት ነጋዴዎች ቅሬታ ነበር። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ በየከተማችን «ኮዳክ ነው» እየተባለ በኩራት ሲታጠብ የነበረው ቀለም የተለካው በማን ፊት እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ፖላሮይድም አንድ ቃል እንበል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ጥቁር ሠራተኞች፣ ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ፣ የድርጅቱ ወዲያው የሚያወጣ ካሜራ ለደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ የጥቁሮች መታወቂያ ፎቶግራፍ ማንሻ ሆኖ እንደሚያገለግል ደረሱበት። የሠራተኞች ንቅናቄ አቋቁመው ገዢው ሕዝብ ፖላሮይድን እንዳይገዛ ቀሰቀሱ። ሥራቸውን አጡ፤ ትግሉ ግን ቀጥሎ ድርጅቱ በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ለመውጣት ተገደደ። የድርጅቱን ደመወዝ ይበሉ የነበሩት ሰዎች ታማኝነታቸውን በካሜራው ፊት ለሚቆመው ሰው ሲያደርጉ፣ ከድርጅቱ አንዲት ሳንቲም የማይከፈለው የእኛ ፎቶግራፍ አንሺ ለስሙ ሲሟገት ይውላል።

በሌላ በኩል ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን መስጠት አለብን። ካሜራ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ሌሊት ማሕሌት ለማንሣት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም። በጧፍ ብርሃን የሚታዩትን የካህናት ፊቶች ያለ ብልጭታ ለመያዝ በጥቂት ብርሃን የሚሠራ ካሜራና ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ በመሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው። የጀማ ሸለቆ አቧራም ጠንካራውን ከደካማው ይለያል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በዓለም ከተማ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ ዓይነት ካሜራ ቢይዙ የሚያገኙት ጥቅም አለ። አንዱ ባትሪው ሲያልቅበት ከሌላው ይዋሳል፤ ለአንድ ቀን ሰርግ ረጅሙን ሌንስ ከጎረቤት ይወስዳል፤ ጠጋኙም አንድ ዓይነት መሣሪያ ስለሚያውቅ በርካሽ ይሠራል። ይህን የመሰለ ታማኝነት እናከብራለን፤ ምክንያቱም የታመነው ለጎረቤት ነው። ነገር ግን ነገ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተመካክረው ወደ ሌላ ስም ቢሻገሩ ያለ ጸጸት አብሮ መሻገር እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ያነሧቸውን ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ዛሬ ስናይ ከፊታችን የሚቆሙት ሰዎቹ ናቸው፤ ካባው፣ ጎራዴው፣ የዓይናቸው ኩራት። ከ1963 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በሁለት ሥርዓት ውስጥ የቤተ መንግሥቱንና የመንግሥቱን ሥራ ሲያነሡ የኖሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ፎቶግራፎች ለንደን ድረስ ሄደው የታዩት የንጉሡን ዘመንና የደርግን ዘመን በአንድ ሰው ዓይን አያይዘው ስለሚያሳዩ ነው። ተመልካቹ በፎቶግራፎቹ ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ማን እንደሆኑ፣ የት እንደነበሩ፣ ኋላ ምን እንደደረሰባቸው ነው። በምን ካሜራ ተነሡ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር እርሱ ካሜራ ሊገዛ የመጣ መሆን አለበት።

ከነገሥታቱ ወደ ገበሬው እንውረድ። በመርሐ ቤቴ ቆላና ደጋ የሚኖር ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ለብቻው ፎቶግራፍ የሚነሣው። ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ። ያ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ያንኑ ጉርድ ይዞ ወደ ፎቶ ቤት ይመጣል፤ ይጎላል፤ በለቅሶው ላይ ይቆማል፤ ከዚያም በግድግዳ ላይ ለልጅ ልጅ ይቀራል። ያቺ ትንሽ ፎቶግራፍ ጨልማ ከሆነ ሟቹ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል። «አባቴ እንዲህ ጥቁር አልነበረም» የምትል ልጅ በፎቶ ቤቱ ደጃፍ ስትቆም የሚሰጣት መልስ የለም። ካሜራው ታዋቂ ነበር ብሎ አያጽናናትም። ይህ ጸሐፊ የካሜራን ስም አምልኮ እንደ ቀላል የወጣትነት ፉክክር አይቶ ሊያልፈው ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዛሬው ጊዜ የእጅ ስልክ ካሜራውን ሊተካው በተቃረበበት ወቅት ነገሩ ያበቃል ብለው የሚያስቡ አሉ። አላበቃም፤ ቤቱን ብቻ ለወጠ። ትናንት ስለ ካኖን ይባል የነበረው ዛሬ ስለ ስልክ ይባላል፤ በጀርባው ያለው ምልክት በመስተዋት ፊት እንዲታይ አድርጎ ራስን ማንሣት የተለመደ ሆኗል። በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ተነሺው ማን ነው? ሰውየው ነው ወይስ ስልኩ?

ጥፋቱ የወጣቶች ብቻ አይደለም። የባህል ጽሕፈት ቤቶቻችንና ትምህርት ቤቶቻችንም ድርሻ አላቸው። የመንግሥት ግዥ ሕግ የሚገዛው ዕቃ በንግድ ምልክት እንዳይገለጽ፣ ሌላ መግለጫ ከታጣም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል እንዲጨመር ያዛል። ሆኖም የካሜራ ግዥ ሲሆን ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በወሬ የሚያውቀውን አንድ ስምና አንድ ቁጥር ጽፎ ያልፋል። የተገዛው ካሜራም ውድ ስለሆነ በመሳቢያ ይቆለፍበታል፤ ለበዓል ብቻ ይወጣል፤ የሚይዘው ሰው በተዛወረ ጊዜ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። በዚያው ዋጋ ሦስት መካከለኛ ካሜራና የአንድ ወር ሥልጠና ይገኝ ነበር። የፎቶግራፍ ክበብ ያላቸው መምህራንም ልጆቹን አስቀድመው የካሜራ ክፍሎችን ስም በቃል ያስጠኗቸዋል። ከዚያ ይልቅ ለአንድ ቀን ያለ ካሜራ ወደ ገበያ ወስደው፣ ከጧቱ እስከ ማታው የእህል ሻጮቹ ፊት ላይ ብርሃኑ እንዴት እንደሚሄድ በደብተራቸው እንዲጽፉ ቢያደርጓቸው በተጠቀሙ።

የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጁ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። በማመልከቻው ቅጽና ከፎቶግራፉ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ «የካሜራው ዓይነት» የሚለው ረድፍ ይሰረዝ። በእርሱ ፋንታ የተነሺው ሰው ሙሉ ስም በፈቃዱ፣ ቀበሌው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። እስከ ዛሬ ያየናቸው የገጠር ፎቶግራፎች አብዛኞቹ «አንዲት እናት»፣ «አንድ ገበሬ» የሚል መግለጫ ተለጥፎባቸው ሲሰቀሉ፣ ከአጠገባቸው የካሜራው ስምና የሌንሱ ቁጥር ሳይጓደል ተጽፎ ይገኛል። ብረቱ ስም ኖሮት ሰውየው ስም ያጣበት ወረቀት ነው።

በዓለም ከተማ ፎቶ ቤቶች መደርደሪያ ላይም ከፊልሙ ዘመን የቀሩ ነጋቲቮች በካርቶንና በብስኩት ጣሳ ውስጥ ይገኛሉ። እርጥበትና አይጥ ያልጨረሳቸው ገና አሉ። የየቤቱ ባለቤት ፈቃዱን ከሰጠ የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ጋር ሆኖ፣ በጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣ በማንኛውም በተገኘው ካሜራ ወይም ስልክ አንድ በአንድ ሊገለብጣቸው ይችላል። ሽማግሌዎች ይጠሩና በየምስሉ ያሉትን ሰዎች በስም ይለዩ፤ የሚያውቃቸው ትውልድ እያለፈ ነውና። አዲስ ካሜራ የሚገዛበት በጀት እስኪፈቀድ መጠበቅ አያስፈልግም። ሥራው በመጪው ክረምት፣ ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ሳሉ ሊጀመር ይችላል።